የመውለድ ሕክምና፦ ዕድል የሚጨምረውና ገንዘብ ብቻ የሚበላው

ለመውለድ ሕክምና የሚዘጋጁ ባልና ሚስት ምክር አያጡም። ጎረቤት ተልባ በማር ጠጪ ትላለች፤ አክስት ሆድ የምታሽ አዋቂ ትጠቁማለች፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመድ በሻንጣው የቫይታሚን ብልቃጥ ይዞ ይገባል። ከዚህ ሁሉ አብዛኛው አይጎዳም፤ ብዙም አይጠቅምም። የሕክምናውን ውጤት ከምንም በላይ የሚወስኑት የሚስት ዕድሜና የችግሩ መንስኤ በትክክል መታወቁ ናቸው። ዕድሜን መመለስ አይቻልም፤ ጊዜን ማባከን ግን በጣም ቀላል ነው። ቀጥሎ የተጻፈው ጊዜ የማይባክንበት አካሄድ ነው፤ መጀመሪያ ምን፣ ከዚያ ምን፣ የትኛው ላይ ገንዘብ ማውጣት፣ የትኛውን ማለፍ።

መቼ ወደ ሐኪም ይኬዳል?

በዓለም ጤና ድርጅት አነጋገር መካንነት የሚባለው ጥንዶች ያለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሳያቋርጡ እየተገናኙ 12 ወር ሞልቶ እርግዝና ሳይፈጠር ሲቀር ነው። ሚስት 35 ዓመት ከሞላት ግን ስድስት ወር ይበቃል። 40 ካለፈች አንድም ወር መጠበቅ አያስፈልግም። የወር አበባዋ በሁለትና በሦስት ወር አንዴ የሚመጣ፣ የማህፀን ኢንፌክሽን ታክማ የምታውቅ፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና የገጠማት ሴት፣ ወይም በልጅነቱ የዘር ፍሬው ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ የቀረ ወንድ ካለ ቀጠሮው ዛሬ ነው።

ወሩን ስትቆጥሩ አብራችሁ የነበራችሁበትን ወር ብቻ ቁጠሩ። ባል ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ መስመር ላይ የሚከርም፣ ሚስት ዱባይ እየሠራች በዓመት አንዴ የምትመጣ ከሆነ «ሦስት ዓመት ሞከርን» የሚሉት ምናልባት ሦስት ወር ነው። እንቁላል ከወጣች በኋላ በሕይወት የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሲሆን የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። በዚህ ምክንያት በየወሩ እርግዝና ሊፈጠር የሚችልባቸው ቀናት ስድስት ያህል ናቸው፤ እንቁላል የምትወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት አምስት ቀናት። ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ተነስታችሁ ስትቆጥሩ፣ የወር አበባዋ በ28 ቀን የሚመለስ ሴት እንቁላል የምትወጣው በ14ኛው ቀን ገደማ ነው፤ በ32 ቀን የሚመለስ ከሆነ በ18ኛው ገደማ። በእነዚያ ቀናት በየቀኑ ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ መገናኘት በቂ ነው።

በጾም ከግንኙነት የሚታቀቡ ጥንዶች እዚህ ላይ ከንስሐ አባታቸው ጋር የሚነጋገሩት ነገር አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሁለት የወር አበባ ዙር ሊሞላ አንድ ቀን ብቻ ቀረው ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት፣ የበዓላት ዋዜማ ሲደመሩ ምንም የጤና እክል የሌለባቸው ባልና ሚስት እንኳ ትክክለኛዎቹ ቀናት ከወር ወር ሊያመልጧቸው ይችላሉ። ምን ይደረግ የሚለውን የሚመልሰው መጽሔት አይደለም። ሐኪሙ ግን ይህን ማወቅ አለበት፤ ሳያውቅ ከቀረ «ምክንያቱ ያልታወቀ መካንነት» ብሎ ጽፎ ወደ ውድ ሕክምና ሊመራችሁ ነው።

መጀመሪያ ባል ይመርመር

መካንነት ከገጠማቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ በወንድ በኩል ችግር ይገኛል፤ ለብቻው፣ ወይም ከሚስት ችግር ጋር ተደርቦ። ሆኖም ሚስት ከጸበል ጸበል፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ ዓመታት ስትንከራተት ባል አንድ ቀን እንኳ ያልተመረመረበት ቤት ስንት ነው! አንዳንዱ ጭራሽ ሌላ ሴት ጋ ሄዶ ራሱን ይሞክራል። ነገሩን ከፍትሕ ለይተን በገንዘብ ብቻ ብናየው እንኳ አያዋጣም፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ከሁሉም ምርመራ ርካሹና ሕመም የሌለበት ነው፤ የሚስት የማህፀን ቱቦ ራጅ ግን ያማል፣ ዋጋውም ይከብዳል።

ምርመራው ትክክለኛ ውጤት እንዲሰጥ ናሙናው ከመሰጠቱ በፊት ከሁለት ቀን ያላነሰ ከሰባት ቀን ያልበለጠ ጊዜ ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ላቦራቶሪው በሚሰጠው ዕቃ ውስጥ በሙሉ መግባት አለበት፤ የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰ ብዙው ዘር ያለው እዚያ ስለሆነ ለባለሙያው መንገር ይገባል። የተለመደ ኮንዶም ዘሩን ስለሚጎዳ ለመሰብሰቢያ አይሆንም። በእጅ መስጠት ከእምነታችሁ ጋር የሚጋጭ ከመሰላችሁ በግንኙነት ጊዜ የሚሰበሰብበት መርዝ አልባ ልዩ ኮንዶም ስላለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከቤት የምታመጡት ከሆነ ዕቃውን ከልብስ ሥር ሰውነት ላይ አስጠግታችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርሱ። ፍሪጅ ውስጥም፣ የመኪና መስኮት ሥር ፀሐይ ላይም አታስቀምጡት።

ውጤቱ ሲመጣ የምታወዳድሩበት መለኪያ እነሆ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው ወሰን 1.4 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ዘር፣ ከዚያም ውስጥ 42 በመቶው የሚንቀሳቀስ ነው። ከዚህ ማነስ አለመውለድ ማለት አይደለም፤ ከዚህ መብለጥም ዋስትና አይሰጥም። አንድ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ፍርድ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ዘር ተመርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ፣ ባል ወባ ወይም ታይፎይድ ይዞት በትኩሳት ከሰነበተ ውጤቱ ለወራት ሊወርድ ይችላል። ሦስት ወር ቆይቶ ይድገም።

«ምንም ዘር የለም» የሚል ወረቀትም የመጨረሻ ቃል አይደለም። ማምረቻው እየሠራ መውጫው ብቻ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ዘሩ በመርፌ ከፍሬው ተወስዶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በሚታወቀው ኢክሲ በሚባል ዘዴ አንዱ ዘር በቀጥታ እንቁላል ውስጥ ይገባል። ከጉርምስና በኋላ ጆሮ ደግፍ ይዞት ፍሬው ያበጠበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር።

ጂም የሚሠሩ ወንዶች ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብቧት። ጡንቻ ለማውጣት የሚወጋው ቴስቶስተሮንና የእሱ ዘመዶች የሆኑ ስቴሮይዶች የዘር ምርትን ያቆማሉ፤ አንዳንዴ እስከ ዜሮ ድረስ። «የወንድነት ሆርሞን» ስለተባለ ዘር የሚጨምር መስሎት ሐኪም ሳያማክር የሚወጋም አለ። ካቆመ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዱም ከዓመት ያልፋል።

ሲጋራና ሺሻ ማቆም፣ መጠጥ መቀነስ፣ ጫት መተው፣ ሳውናና ስቲም መራቅ፣ ላፕቶፕ ጭን ላይ አለማስቀመጥ፤ እነዚህ ወጪ የላቸውም። ለወንድ ዘር ተብለው በውድ የሚሸጡት ክኒኖች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከ2,300 በላይ ጥንዶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ለወንዶች የተሰጠው ዚንክና ፎሊክ አሲድ የዘሩን ጥራትም የሚወለዱ ልጆችን ቁጥርም አላሳደገም። ያ ገንዘብ ለሕክምናው ይቀመጥ።

የውጤቱን ወረቀት ከመክፈታችሁ በፊት ለቤተሰብ ምን እንደምትነግሩ ሁለታችሁ ብቻ ተስማሙ። ችግሩ የማን እንደሆነ አማትም ጎረቤትም የማወቅ ግዴታ የለባቸውም። «ሐኪም እየተከታተልን ነው» የምትል አጭር መልስ ብዙ በር ትዘጋለች።

በሚስት በኩል የሚታየው

የደም ምርመራው የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞንን ይጨምራል፤ እንቅርት በሚበዛበት አገር የታይሮይዱን መዝለል ሞኝነት ነው። በአልትራሳውንድ የሚቆጠሩት እንቁላል የያዙ ከረጢቶችና ኤኤምኤች የሚባለው የደም ምርመራ ምን ያህል እንቁላል እንደቀረ ያሳያሉ። ብዛቱን እንጂ ጥራቱን አይናገሩም። ኤኤምኤች ዝቅ ያለባት የ29 ዓመት ሴት በራሷ ጊዜ ልታረግዝ ትችላለች፤ ወረቀቱ የሚላት «አትወልጂም» ሳይሆን «አትዘግዪ» ነው።

እዚህ አገር ዋናው ጉዳይ ግን ቱቦ ነው። ሳይታከሙ የቆዩ ክላሚዲያና ጨብጥ፣ ንጽሕና በሌለው ሁኔታ የተደረገ ውርጃ፣ ከወሊድ በኋላ የመጣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም ሳንባን ትቶ ማህፀን ውስጥ የገባ ቲቢ ቱቦን ይዘጋሉ። በልጅነቷ ወይም በትምህርት ቤት ዘመኗ የደረሰባትን ሴትየዋ ባሏ ፊት መናገር ልትፈራ ትችላለች። ጥሩ ሐኪም ለብቻዋ የሚያናግርበት ደቂቃ ያበጃል፤ ካላበጀ እሷ ትጠይቅ። የቱቦ ራጅ የሚነሣው የወር አበባ ደም እንደቆመ፣ እንቁላል ሳትወጣ ነው። ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ገደማ በፊት የሚወሰድ ማስታገሻ ሐኪሙን መጠየቅ ያዋጣል።

ራጁ ላይ አንደኛው ቱቦ ውኃ ይዞ ያበጠ ከሆነ ይህ ከተራ መዘጋት የባሰ ነው። ፈሳሹ ወደ ማህፀን እየተመለሰ ሽሉ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ የሚዋሐዱበትን የአይቪኤፍ ሕክምና ውጤት በግማሽ ያህል ሊያወርድ ይችላል። ቱቦውን አስቀድሞ ማውጣት ወይም ከማህፀን ጋር የሚገናኝበትን መዝጋት ዕድሉን እንደሚመልስ በጥናት ተረጋግጧል። ቱቦዬን አውጡት ማለት ለሚስት ከባድ ነው፤ ያልገባቸው ዘመዶችም «ጨርሰው አመከኗት» ይሏታል። ሆኖም በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ሁሉ አንድ እርምጃ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣበት ቦታ ጥቂት ነው።

ፋይብሮይድ የሚባለው የማህፀን እጢ ያለባት ሴት ሁሉ ደግሞ ቢላዋ አያስፈልጋትም። የማህፀኑን ውስጠኛ ክፍል የሚገፋው እጢ እርግዝናን ሊከለክል ይችላል፣ ብዙ ጊዜም መውጣት አለበት። በውጭ በኩል የተንጠለጠለው ትንሽ እጢ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አያደርግም። «የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከመጠኑ ይበልጥ ቦታው ይወስናል።

ሦስት ወር ዝግጅት

ሚስት ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮ ግራም በየቀኑ ትጀምር፤ ከእርግዝና በፊት ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሦስት ወር። የሕፃኑ ሕብለ ሰረሰርና አንጎል የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ፣ ብዙ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነው፤ ይህ ጉድለት በኢትዮጵያ በብዛት ይታያል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት የሚያስፈልጋት መጠን በጣም ስለሚበልጥ ሐኪም ይዘዝላት።

ክብደት በሁለቱም በኩል ይቆጠራል። ከመጠን በላይ ወፍራም ሆና የወር አበባዋ የተዛባባት ሴት፣ በተለይ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ካለባት፣ ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ ስትቀንስ እንቁላል በራሱ መውጣት ሊጀምር ይችላል። 80 ኪሎ ከሆነች ከአራት እስከ ስምንት ኪሎ ማለት ነው። ዕድሜዋ 39 ከሆነ ግን ክብደት ለመቀነስ ብላ ዓመት አትጠብቅ። በጣም ቀጭን መሆንም እንቁላል እንዳይወጣ ሊያደርግ ይችላል።

ቡና ይቀራል ወይ? አይቀርም፤ በቀን አንድ ሁለት ስኒ ምንም አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠዋትም ማታም የሚዞርበት ቤት ግን አቦልን ብቻ ጠጥቶ መነሣት ይለመድ። ስኳርና ደም ግፊት ያለባት ሴት ከመጀመሯ በፊት ታስተካክል፣ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ስም ይዛ ትሂድ። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ሴትም ሆነ ባሏ መድኃኒቱን በትክክል ከወሰዱና ቫይረሱ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰ ልጅ የማግኘት መንገዱ ክፍት ነው፤ መደበቅ ብቻ ነው የሚጎዳው።

ከክኒን እስከ አይቪኤፍ

እንቁላል ለማይወጣላት ሴት የመጀመሪያው ሕክምና ክኒን ነው። ፒሲኦኤስ ላለባት በአሁኑ ጊዜ የሚመረጠው ሌትሮዞል ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው ቢል አትደንግጡ፣ ለሁለቱም ያገለግላል። ክሎሚድም የታወቀ ነው፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ የታወቀ። ከፋርማሲ በወሬ ገዝታ ዓመት ሙሉ የምትውጥ፣ ኋላ ስትመረመር ግን ሁለቱም ቱቦዎቿ ተዘግተው የምትገኝ ሴት አለች። ቱቦ ከተዘጋ፣ ወይም ባል ዘር ከሌለው የዓለምን ክኒን ሁሉ ብትውጥ ዋጋ የለውም። ክኒን የሚጀመረው የባል ውጤት ከታየ በኋላ፣ በአልትራሳውንድ ክትትል ነው፤ እስከ ስድስት ዙር ድረስ ካልሠራ ወደሚቀጥለው መሄድ ይገባል።

የታጠበ ዘር በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ የሚገባበት አይዩአይ ቢያንስ አንድ ክፍት ቱቦ ይፈልጋል፤ የዘሩ ችግር ቀላል ሲሆን ነው የሚያዋጣው። ዕድሜዋ 40 የደረሰ ሴት እዚያ ላይ ብዙ ወር ባታጠፋ ይሻላታል። አይቪኤፍ መጀመሪያውኑ የመጣው ለተዘጋ ቱቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ ኦልድሃም የተወለደችው የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ የሉዊዝ ብራውን እናት ቱቦዎቿ የተዘጉ ነበሩ።

ክሊኒክ ስትመርጡ

አዲስ አበባ ውስጥ በመንግሥት በኩል በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የአይቪኤፍ ማዕከል አለ፤ የግል ክሊኒኮችም አሉ። ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር የሚሄድም ብዙ ነው። እስራኤል የምትኖሩ ደግሞ ከኪሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ኩፓት ሆሊማችሁን ጠይቁ፤ በራሷ እንቁላል የምትታከም ሴት እስከ 45 ዓመቷ ድረስ ለሁለት ልጅ የሚሆን ሕክምና በጤና መድኅኑ ይሸፈንላታል። አሜሪካ ያላችሁ ሽፋኑ እንደ ግዛቱና እንደ አሠሪው ስለሚለያይ ሥራ ከመቀየራችሁ በፊት አጣሩ።

«የስኬት መጠናችን 60 በመቶ ነው» የሚል ክሊኒክ ቢያጋጥማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የሽንት ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነውን ነው ወይስ ሕያው ልጅ የታቀፈውን? ከመቶ ሽል ካስገቡት ነው ወይስ ከመቶ መርፌ ከጀመሩት? የሚስቴ ዕድሜ ላይ ያሉትስ? በእንግሊዝ አገር ክሊኒኮችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ስለ እ.ኤ.አ. 2019 ያወጣው ቁጥር ልክ ያሳያችኋል፤ ከ35 ዓመት በታች ባሉ ሴቶች ከገባ አንድ ሽል የሚወለድ ልጅ 32 በመቶ ነበር፣ 43 ዓመትና ከዚያ በላይ በራሳቸው እንቁላል ግን ከ5 በመቶ በታች። ጥሩ ላቦራቶሪ ባለው አገር እንኳ ይህን ያህል ከሆነ፣ ለ44 ዓመት ሴት 60 በመቶ ቃል የሚገባላችሁን ሰው አመስግናችሁ ውጡ።

ገንዘቡን ስታስቡም ለአንድ ዙር ብቻ አታስቡ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ከ40 ዓመት በታች ላሉ ሴቶች ሦስት ሙሉ ዙር እንዲሰጥ የሚመክረው ዕድሉ እየተደመረ ስለሚሄድ ነው። ቤት ሸጦ ለአንድ ዙር ከመሮጥ ለሁለት የሚበቃ እስኪጠራቀም ጥቂት ወር መቆየት ለ30 ዓመት ሴት ይሻላታል፤ ለ41 ዓመት ሴት ግን ያው መቆየት ይጎዳል። ተጨማሪ ክፍያዎችን ደግሞ በጥርጣሬ እዩ። ማህፀንን በመጫር ሽል ይጣበቃል የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ከ1,300 በላይ ሴቶች ላይ ተሞክሮ የሚወለዱ ልጆችን አልጨመረም። «ይህ ሕያው ወሊድ እንደሚጨምር ምን ማስረጃ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

መርፌው ሲጀመር

በአይቪኤፍ እንቁላሎቹን የሚያሳድገው መርፌ ከስምንት እስከ 12 ቀን ይወሰዳል፤ በመሐሉ በየሁለት ሦስት ቀኑ አልትራሳውንድ አለ። ከጅማ ወይም ከደሴ የምትመጡ ለሁለት ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ማረፊያ አዘጋጁ፤ እየተመላለሱ መሞከር ቀጠሮ ያስዘልላል። ከመርፌዎቹ ብዙዎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው፣ መቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ግን መግባት የለባቸውም። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን በር አትክፈቱ። ሰፈራችሁ መብራት አዘውትሮ የሚጠፋበት ከሆነ የምግብ መያዣ ቴርሞስና የበረዶ ከረጢት ይኑራችሁ፤ በረዶው መርፌውን እንዳይነካ በጨርቅ ለዩት።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ስሕተት የሰዓት ስሕተት ነው። እንቁላሎቹን የሚያበስለው የመጨረሻው መርፌ እንቁላሎቹ ከሚወሰዱበት ጊዜ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ቀድሞ፣ በተባለው ደቂቃ መወጋት አለበት። ቢዘገይ ያልበሰለ እንቁላል ይገኛል፤ ቢቀድም እንቁላሎቹ ከመወሰዳቸው በፊት ሊወጡ ይችላሉ። ነርሷ «10 ሰዓት» ብላ ብትጽፍ በፈረንጅ ነው ወይስ በሐበሻ? ማታ 4 ሰዓት ነው ወይስ ከቀኑ 10? ወረቀቱ ላይ «ማታ» ወይም «ቀን» የሚለውን ቃል አስጽፉ፤ ጮክ ብላችሁ ድገሙላት፤ ስልክ ላይ ሁለታችሁም ደወል ሙሉ። ቀኑንም እንዲሁ፤ የወር አበባ የመጣበትን ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁ ንገሩ።

እንቁላሎቹ ሲወሰዱ ሚስት በማደንዘዣ ስለምትተኛ አይሰማትም። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ለዚህም ልባችሁን አዘጋጁ። አሥር እንቁላል ተገኘ ብላችሁ ስትደሰቱ ስምንት ያህሉ የበሰለ፣ አምስት ስድስቱ ከዘር ጋር የተዋሐደ፣ አምስተኛው ቀን ላይ የደረሰው ሁለት ወይም ሦስት ሊሆን ይችላል። ይህ መውደቅ አይደለም፤ የተለመደው ይኸው ነው። ሆዷ በጣም ቢነፋ፣ ትንፋሽ ቢያጥራት፣ ሽንቷ ቢቀንስ፣ ክብደቷ በአንድ ቀን ኪሎ ቢጨምር እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ኦቫሪው ለመድኃኒቱ ከመጠን በላይ ሲመልስ የሚመጣ አደጋ ነው።

«ሁለት ሦስት አስገቡልን፣ መንታ ቢሆን በአንድ ወጪ እንገላገላለን» የሚለው ልመና የሚገባ ነው፤ ወጪው ያስጨንቃል። ግን መንታ ብዙ ጊዜ ከቀኑ በፊት ይወለዳል፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚያስፈልገው የማሞቂያ ክፍል ወጪም አደጋም ከአንድ ዙር ይበልጣል። ዕድሜዋ ከ35 በታች የሆነች፣ ጥሩ ሽል ያላት ሴት አንድ አስገብታ ሌላውን በማቀዝቀዣ ብታስቀምጥ ይሻላል።

ሽሉ ከገባ በኋላ አልጋ ላይ መዋል አይጠቅምም። በተደጋጋሚ ተጠንቷል፤ ተኝተው የዋሉት ከተነሡት የተሻለ አላረገዙም። ሽሉ ስትቆም አይወድቅም። ከባድ ዕቃ አለማንሣት፣ ወይባ ጢስ አለመግባት፣ ከዚያ በቀር የተለመደ ኑሮ። እናቷ ወይም አማቷ «እንዳትነሺ» ቢሏት ክፋት የለባቸውም፤ ሐኪሙ በነሱ ፊት እንዲናገር አድርጉ፤ ከምራቲቱ አፍ ከሚሰሙት ይልቅ ያምኑታል። ጸበል መጠጣት፣ መጸለይ፣ ስለት መሳል የሕክምናው ጠላቶች አይደሉም። መርፌውንና ሽሉን ለመደገፍ የሚሰጠውን ፕሮጀስተሮን የሚባል ሆርሞን አቁሙ የሚል ሰው ካለ ግን እሱ ነው የሚያፈርሰው። ምን እንደተሠራ የማታውቁትን የባሕል መድኃኒት በእነዚህ ሳምንታት አትቀላቅሉ።

ውጤቱ

የእርግዝና ምርመራው የሚደረገው ሽሉ ከገባ ከዘጠኝ እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከቀኑ በፊት ቤት ውስጥ አትመርምሩ። እንቁላሎቹን ያበሰለው መርፌ ኤችሲጂ የሚባለው ሆርሞን ከሆነ ሽንት ላይ የውሸት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል፤ ቀድሞ መመርመር የውሸት ኔጌቲቭም ሊሰጥ ይችላል። ደም ጠብ ቢልም ዙሩ ከሸፈ ብላችሁ ፕሮጀስተሮኑን አታቋርጡ፤ ስንቷ ደም አይታ ወልዳለች።

ኔጌቲቭ ከሆነ ካዘናችሁ በኋላ ቀጠሮ ያዙና የመዝገቡን ሙሉ ኮፒ ውሰዱ፤ የመድኃኒቱ መጠን፣ የእንቁላሉ ቁጥር፣ የሽሎቹ ደረጃ፣ የማህፀኑ ግድግዳ ውፍረት። ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ «በሚቀጥለው ዙር ምን ትለውጣለህ?» «ያንኑ እንደግማለን፣ ዕድል ነው» ካላችሁ አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ ግን ምክንያቱን ያስረዳ፤ ካላስረዳ መዝገቡን ይዛችሁ ሁለተኛ ሐኪም ማማከር መብታችሁ ነው።

ፖዘቲቭ ከሆነ የደም ምርመራው ከ48 ሰዓት በኋላ ይደገም፤ ቁጥሩ ማደግ አለበት። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ጽንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ቱቦዋ የተጎዳ ሴት በአይቪኤፍም ከማህፀን ውጭ ልታረግዝ ስለምትችል ይህ አይዘለል። በአንድ ጎን የሚበረታ ሕመም፣ የትከሻ ሕመም፣ ራስ መሳት ከመጣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ፕሮጀስተሮኑ ሐኪሙ አቁሙ እስኪል ይቀጥላል። የነፍሰ ጡር ክትትል ስትጀምሩ ሽሉ የገባበትን ቀንና የስንት ቀን ሽል እንደነበረ የሚያሳየውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ የመውለጃው ቀን የሚሰላው ከዚያ ተነሥቶ ነው።